መስከረም 26፣ ከሌሊቱ 7 ሰዓት

ቅዳሜ መስከረም 26 ቀን 2016 ዓ.ም. ከጠዋቱ 2 ሰዓት ሳይሞላ ስልኬ ጮኸ። የደወሉት ሶፍትዌር ሠርተን ያስረከብነው የአንድ ቁጠባና ብድር ማኅበር የሒሳብ ሠራተኛ ናቸው። በዕድሜ ከእናቴ ብዙም ስለማያንሱ «እትዬ» ነው የምላቸው። ሰላምታውን እንኳ አላስቀደሙም።

«ልጄ፣ ይኼ ማሽናችሁ ሰው ሲቀጣ አደረ እኮ! ደግሞ በሌሊት!»

እውነታቸውን ነው። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ለብዙ ተበዳሪዎች «የመክፈያ ቀንዎ ስላለፈ መቀጮ ታስቦብዎታል» የሚል አጭር መልእክት ደርሷቸዋል። በማኅበሩ ደንብ የመስከረም ክፍያ የሚጠናቀቀው መስከረም 30 ነው። ገና አራት ቀን ይቀራል፤ የብዙዎቹ ደመወዝም አልወጣም። መልእክቱ ከእንቅልፍ የቀሰቀሳቸው ሰዎች ቢሮው ሳይከፈት በሩ ላይ ቆመው ነበር እትዬን የጠበቋቸው።

ያን ጊዜ መጀመሪያ ያደረግሁት ነገር አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል። ላፕቶፔን ከፍቼ ቴስቶቹን፣ ማለትም ኮዱ በትክክል መሥራቱን የሚፈትሹትን አጫጭር ፕሮግራሞች፣ አስኬድኳቸው። ሁሉም አለፉ። ከ40 በላይ ቴስት፣ አንድ ቀይ የለም። ለአፍታ ያህል «ታዲያ ችግሩ ከእኛ አይደለም ማለት ነው» ብዬ አሰብኩ። ሰዎቹ ግን በሩ ላይ ቆመዋል።

ስለ ሥራው ጥቂት ልበል። ሦስት ሆነን በጃንጎ (በፓይተን ቋንቋ የተጻፈ የዌብ መሥሪያ ፍሬምወርክ) የሠራነው ዌብ አፕሊኬሽን ነው። አባል ይመዘገባል፣ ይቆጥባል፣ ይበደራል፤ ብድር ሲጸድቅ ሥርዓቱ የመክፈያ ሠንጠረዥ ያወጣል፤ በየሌሊቱ የሚሮጥ አንድ ትእዛዝ ደግሞ ቀኑ ያለፈበትን ክፍያ ለይቶ መቀጮ ይጽፋል፣ መልእክትም ይልካል። ሥራ የጀመረው በጥር 2015 ነው። ከዚያ በፊት ሁሉም ነገር በመዝገብና በኤክሴል ነበር። ስናስረክብ ለቦርዱ በኩራት ከነገርናቸው ነገሮች አንዱ «አውቶማቲክ ቴስት አለው፤ አንድ ነገር ስንቀይር ሌላው ቢበላሽ ወዲያው እናውቃለን» የሚል ነበር። ሊቀመንበሩ ራሳቸውን ነቀነቁ። ምን እንደገባቸው አላውቅም፤ እኔም ራሴ በደንብ እንዳልገባኝ ያወቅሁት በዚያ ቅዳሜ ነው።

በመጀመሪያ የሌሊቱን ትእዛዝ አቆምን። ከዚያ ዳታቤዙን ስንከፍት ሦስት የማይገጥሙ ነገሮች አየን። የተቀጡት ሰዎች የመክፈያ ቀን መስከረም 30 ሳይሆን መስከረም 24 ተብሎ ተጽፏል። ይህ አንድ። ቀኑ 24 ከሆነ ቅጣቱ 25 ሊነጋ ሲል መምጣት ነበረበት፤ የመጣው ግን 26 ሊነጋ ሲል ነው። ይህ ሁለት። ሦስተኛው የባሰ ግራ ያጋባ ነበር፦ በጳጉሜን የተበደሩ ጥቂት አባላት አሉ፤ የእነርሱ የመክፈያ ቀን ልክ መስከረም 30 ነው፤ አንዳቸውም አልተቀጡም።

ጳጉሜን የሚለውን ቃል ጮክ ብዬ ስናገር ነው የነቃሁት። 2015 ዘመነ ሉቃስ ነበር። ጳጉሜን 6 ቀን ነበረች።

ሠንጠረዡን የሚያወጣው ኮድ ቀጣዩን የመክፈያ ቀን የሚያገኘው ባለፈው ላይ 30 ቀን በመደመር ነው። ሲጻፍ ማናችንም አልተከራከርንም፤ «የእኛ ወር እኮ 30 ቀን ነው፤ እንደ ፈረንጅ 28 እና 31 የለብንም» ተባብለን ደስ ብሎን ነበር ያለፍነው። እውነትም ከጥር 30 የካቲት 30፣ ከየካቲት 30 መጋቢት 30 እያለ እስከ ነሐሴ 30 ድረስ ዝንፍ አይልም። ከ12ቱ የወር ሽግግሮች 11ዱ ላይ ትክክል ነው። ነሐሴ 30 ላይ 30 ሲደመር ግን ስድስቱን ጳጉሜን ትበላለች፣ የቀረው 24 ነው። በጳጉሜን የተበደሩት የዳኑትም በአጋጣሚ ነው፦ ለእነርሱ ኮዱ መቁጠር የጀመረው «ከወሩ መጨረሻ» ማለትም ከጳጉሜን 6 ስለሆነ፣ 30 ሲደመርበት መስከረም 30 ላይ አረፈ። ሥርዓቱ ደግሞ ከጥር ወዲህ ጳጉሜንን አልፎ አያውቅም። ባናየው ኖሮ ያ 24 ዓመቱን ሙሉ 24 ሆኖ ይቀጥልና በ2017 መስከረም 19 ይሆን ነበር።

ወደ ቴስቱ እንመለስ፤ ምክንያቱም የዚህ ጉዳይ ዋናው ነገር እሱ ነው። ስህተት ሁሌም ይኖራል። የሚያሳዝነው፣ ይህንኑ ሠንጠረዥ የሚፈትሽ ቴስት ነበረን። እኔ ነኝ የጻፍኩት። ምን እንደሚል በቃል ልንገራችሁ፦ የ12 ወር ብድር ፍጠር፤ ሠንጠረዡን አውጣ፤ እያንዳንዱ የመክፈያ ቀን ካለፈው በ30 ቀን መራቁን አረጋግጥ። በቃ። ኮዱ 30 ይደምራል፤ ቴስቱም 30 ደምሮ «ገጠመ» ይላል። ተከሳሹን ለራሱ ምስክር አቁመን፣ እኛ ደግሞ ቃሉን ተቀብለን አሰናበትነው። እንዲህ ዓይነቱ ቴስት ኮዱ እስካልተቀየረ ድረስ መቼም አይወድቅም። ሽፋኑን ብትለኩት ደግሞ መቶ በመቶ ነው፤ እያንዳንዱ መስመር ተሮጧል።

በዚያ ቀን አንድ ነገር ተስማማን። ከእንግዲህ በቴስት ውስጥ የሚጠበቀው መልስ ከእኛ ጭንቅላት አይመጣም፤ ከኮዱም አይቀዳም። ከመዝገቡ ይመጣል።

ሰኞ መስከረም 28 ቢሯቸው ሄድኩ። እትዬ ከመሳቢያቸው ባለ መስመር ወረቀት አወጡ፣ ማስመሪያ አስቀመጡ፣ እርሳሳቸውን ቀረጹ። ግድግዳው ላይ የሁለቱንም አቆጣጠር የያዘ የቀን መቁጠሪያ ተሰቅሏል። «በመዝገብ ዘመን እንዴት እንደሚያሰሉ ብቻ ያሳዩኝ» አልኳቸው። እየሳቁ «ይህን መጀመሪያ ብትጠይቀኝ ኖሮ» አሉኝ። ልክ ናቸው።

የመጀመሪያው መስመር ይህ ነበር፦ ብድር የወጣበት ሰኔ 12 ቀን 2015፣ አንደኛ ክፍያ ሐምሌ 30፣ ሁለተኛ ነሐሴ 30፣ ሦስተኛ መስከረም 30 ቀን 2016። ቀጥለው ሐምሌ 30 የወጣ ብድር። ጳጉሜን 3 የወጣ ብድር። ጳጉሜን 5 በምትሆንበት ዓመት የወጣ፣ 6 በምትሆንበት የወጣ። አንድ መስመር ላይ ቆም ብለው «ዓመቱ የሉቃስ ነው የዮሐንስ?» ብለው ጠየቁኝ። እኔ ለመመለስ ስልኬን ማየት ነበረብኝ፤ እርሳቸው ግን 5500 ጨምረው ለ4 አካፍለው፣ ቀሪው 3 ሲሆን ሉቃስ ነው ብለው ጨረሱ። ባሕረ ሐሳብን በትንሹ ያውቃሉ፤ የኛ ኮድ አያውቅም ነበር።

እየጻፍን ሳለ የትም ያልተጻፈ ደንብ ብቅ ማለት ጀመረ። «እትዬ፣ የጳጉሜን ወለድስ?» አልኳቸው። «ጳጉሜን ምን ወለድ አላት? ደመወዝ የላት፣ ወለድ የላት» አሉ። በማኅበሩ ወለድ የሚታሰበው በወር ነው፣ በዓመት 12 ጊዜ፤ አምስቱ ወይም ስድስቱ ቀን ከነሐሴ ጋር ይታያል። ይህን ደንብ ከሰነድ ውስጥ ፈልጌ አላገኘሁትም ነበር። ከቢሮው ስወጣ 31 መስመር ይዤ ወጣሁ። ወረቀቱን ፎቶ አንስቼ ከኮዱ ጋር አብሬ አስቀመጥኩት።

ማታ ቁጭ ብዬ 31ዱን መስመር ወደ ቴስት ገለበጥኩ። ኮዱን ገና አልነካሁም፤ መጀመሪያ ሲወድቅ ማየት ፈለግሁ። ወደቀ። የመጀመሪያው መስመር ላይ እንዲህ ይላል፦ የተጠበቀው 2023-10-11፣ የመጣው 2023-10-05። ስድስት ቀን። እንዲህ ያለ ቀይ በማየቴ ደስ ሲለኝ የመጀመሪያዬ ነው።

ለባለሙያው፦ የቀኑን ስሌት ከሞዴሉ (ከዳታቤዙ ጋር ከተሳሰረው ኮድ) ውስጥ አውጥተን ለብቻው ተራ ፓይተን ፋይል ውስጥ አደረግነው። ዳታቤዝ አያስፈልገውም። ስለዚህ ቴስቱን የጻፍነው ጃንጎ «ሲምፕል ቴስት ኬዝ» በሚለው ነው፤ እሱ ዳታቤዝ ለመንካት ብትሞክሩ ራሱ ይከለክላችኋል። ሠላሳ አንዱም መስመር በአንድ ቴስት ውስጥ፣ እያንዳንዱ በ«ሰብቴስት» ተከልሎ ነው የሚሮጠው፤ አንዱ ሲወድቅ ሌሎቹ አይቆሙም፣ የትኛው መስመር እንደወደቀም ተለይቶ ይታያል። እትዬ ወረቀታቸው ላይ የሰጡት ተራ ቁጥር በቴስቱም ላይ አለ። «17 ወደቀ» ስላቸው ወረቀቱን አይተው ይመልሱልኛል።

ከዚያ በታች ደግሞ አንዱን አቆጣጠር ወደ ሌላው የሚቀይረው ኮድ አለ። እሱንም በዚሁ መንፈስ ፈተሽነው። ጓደኛዬ መጀመሪያ ያቀረበው ሐሳብ ከ1990 እስከ 2030 ያለውን እያንዳንዱን ቀን ወደ ፈረንጅ ቀይሮ መልሶ ወደ እኛ ማምጣት ነበር። ጥሩ ነው፣ ጻፍነውም፤ ግን መሄጃውም መመለሻውም እኩል ቢሳሳቱ አያውቅም። ስለዚህ ማንም የማይክዳቸውን ቀኖች እንደ ችካል ተከልን። መስከረም 1 ቀን 2000፣ ሚሊኒየሙን ያከበርንበት፣ ሴፕቴምበር 12 ቀን 2007 እንደ ፈረንጅ። መስከረም 1 ቀን 2013 ግን ሴፕቴምበር 11 ቀን 2020። ጳጉሜን 6 ቀን 2015፣ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023። የ2016 ጥምቀት ጥር 11፣ ጃንዋሪ 20 ቀን 2024 እንጂ እንደ ወትሮው 19 አይደለም። ከጳጉሜን 6 በኋላ የሚመጣው ዓመት እስከ የካቲት ድረስ በአንድ ቀን ይገፋል፤ በዘመነ ዮሐንስ ገና ታኅሣሥ 28 የሚውለውም ለዚህ ነው። ይህን ሁሉ የቤተ ክርስቲያን ሰው ለዘመናት ያውቀዋል።

በዚያው ሰሞን አንዱ «ለምን የእኛን ቀን እንዳለ ዳታቤዝ ውስጥ አናስቀምጥም?» አለ። የተለመደ ጥያቄ ስለሆነ መልሱን ልጻፈው። የጃንጎ የቀን መስክ የሚያውቀው የፈረንጁን ብቻ ነው። ጥቅምት 30 ቀን 2015ን እንዳለ ብትሰጡት «ሁለተኛ ወር፣ 30» ብሎ ያነበዋል፤ የካቲታቸው 30 ስለሌለው ይጥለዋል። ጳጉሜን 13ኛ ወር ስለሆነች ጭራሽ አትገባም። የሚያስፈራው ግን የሚጥለው አይደለም፣ የሚቀበለው ነው፦ «መስከረም 31» ብትሉት አንደኛ ወር 31 ቀን አለው ብሎ ዝም ብሎ ያስገባል። እኛ የምናስቀምጠው በፈረንጅ ነው፣ የምናሳየው በእኛ፤ በዚህ አልተሳሳትንም ነበር።

አሁን ወደ ሁለተኛው እንቆቅልሽ። ቀኑ መስከረም 24 ከነበረ ቅጣቱ ለምን አንድ ቀን ዘገየ?

ጃንጎ ጊዜን የሚይዘው በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው። «አሁን» ብላችሁ ስትጠይቁት የሚሰጣችሁ ከአዲስ አበባ ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ያለውን ነው። ከዚያ ላይ ቀኑን ብቻ ቆርጣችሁ ብትወስዱ፣ ከሌሊቱ 6 እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ የምታገኙት የትናንቱን ቀን ነው። ትእዛዛችን የሚሮጠው 7 ሰዓት ላይ ነው። እኛ መስከረም 25 ገብተናል፤ ለእሱ ግን ገና የ24 ምሽት 4 ሰዓት ነው። «24 ከ24 ያንሳል?» አያንስም፤ ስለዚህ አለፈ። በማግሥቱ ሌሊት «24 ከ25 ያንሳል?» አዎ፤ ቀጣ። መድኃኒቱ አንድ ቃል ነው፦ የአካባቢውን ቀን የሚሰጠው «ሎካልዴት» አለ፣ እሱን መጠቀም።

ስለ ጃንጎ ሰዓት አንድ ነገር ጣል ላድርግ። በቅንብር ፋይላችሁ ውስጥ የሰዓት ክልል ካልጻፋችሁለት የሚወስደው የቺካጎን ነው። ፍሬምወርኩ የተወለደው በአሜሪካ ካንሳስ ግዛት ሎውረንስ ከተማ በሚታተም ጋዜጣ ቤት ውስጥ ነው፣ ለሕዝብ የተለቀቀው በ2005 እንደ ፈረንጅ፤ ሎውረንስና ቺካጎ ደግሞ አንድ ሰዓት ነው የሚቆጥሩት። ያገሩን ሰዓት ይዞ መጣ። እኛ የአዲስ አበባን ጽፈን ነበር፤ ግን ቅንብሩን መጻፍ ብቻውን «አሁን» የሚለውን አይቀይረውም፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል።

ለዚህ ቴስት ጊዜን ማቆም ያስፈልጋል። ፍሪዝገን የሚባለውን ላይብረሪ ተጠቅመን ሰዓቱን ኦክቶበር 5 ቀን 2023፣ 22፡00 በዓለም አቀፍ ሰዓት ላይ አቆምነው። በእኛ መስከረም 25 ከሌሊቱ 7 ሰዓት ማለት ነው። ከዚያ የሌሊቱን ትእዛዝ ጠርተን፣ መስከረም 24 ያበቃ ክፍያ መቀጮ እንደተጻፈበት፣ መስከረም 25 የሚያበቃው ደግሞ እንዳልተጻፈበት አየን። ጊዜ ማቆም ግን ልማድ እንዲሆን አልፈልግም። ስሌት የሚሠሩት ፋንክሽኖች በሙሉ «ዛሬ»ን ከውጭ እንዲቀበሉ አደረግናቸው፤ ሰዓት የሚያየው አንድ ቦታ ብቻ ነው፣ የሚቆመውም እዚያ ብቻ።

ሦስተኛው ቅሬታ መልእክቱ በሌሊት መሄዱ ነበር። ይህ ቀላል መሰለኝ። ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት ምንም መልእክት አይሂድ፤ ይጠራቀምና ጠዋት ይሂድ። መጀመሪያ ቴስቱን ጻፍኩ፦ ሌሊት 7 ሰዓት ላይ ትእዛዙን አሩጥ፣ የተላከ መልእክት ዜሮ መሆኑን አረጋግጥ። ኮዱን ከመቀየሬ በፊት አስኬድኩት፣ መውደቅ ነበረበት። አለፈ!

በሳምንት ውስጥ ሁለተኛዬ ነው። መልእክት የምንልከው የዳታቤዙ ሥራ ጸድቆ ከተዘጋ በኋላ ነው፤ «ኦን ኮሚት» ይባላል፤ ሒሳቡ ሳይጻፍ መልእክቱ እንዳይቀድም። የጃንጎ ተራው ቴስት ኬዝ ግን እያንዳንዱን ቴስት በአንድ ግብይት (አብሮ በሚጸድቅ ወይም አብሮ በሚቀለበስ የዳታቤዝ ሥራ) ጠቅልሎ መጨረሻ ላይ ይቀለብሰዋል። ስለማይጸድቅ «ከጸደቀ በኋላ» የሚባለው ሰዓት አይመጣም፤ መልእክቱም አይላክም። ዜሮ የሆነው ኮዱ ጨዋ ስለሆነ አይደለም፣ ፖስታ ቤቱ ስላልተከፈተ ነው። ከጃንጎ 3.2 ጀምሮ እነዚህን የሚጠባበቁ ሥራዎች ይዞ በቴስት ውስጥ የሚያስፈጽም መሣሪያ አለ። እሱን ስጨምር ቴስቱ ወዲያው ቀላ።

ከዚያ ወዲህ ማንኛውም አዲስ ቴስት ከመግባቱ በፊት ኮዱን ሆን ብለን እናበላሸዋለን። «ያንሳል» የሚለውን «ይበልጣል» እናደርገዋለን፣ አንዱን መስመር እናወጣለን። ቴስቱ ካልጮኸ ቴስት አይደለም። ሁለት ደቂቃ ነው የሚፈጀው።

የቀረውን በአጭሩ። ለፍጥነት ብለን ቴስቱን ኤስኪውላይት በሚባለው ቀላል ዳታቤዝ፣ እውነተኛውን ሥራ ደግሞ ፖስትግሬስ በሚባለው ዳታቤዝ ነበር የምናስኬደው። ሁለቱንም በፖስትግሬስ ስናደርገው በዕለቱ ሁለት ቴስት ወደቀ። አንዱ ስም ነው፦ የአባልን ስም ከነአባቱና ከነአያቱ የምንይዝበት መስክ አጭር ነበር፤ ኤስኪውላይት የፊደል ገደብ ስለማያስከብር ረጅሙን ስም ዝም ብሎ ይቀበለው ነበር። ሌላው ሁለት ገንዘብ ያዦች አንድን ክፍያ እኩል ሲመዘግቡ አንዱ እንዲጠብቅ የሚያደርገው መቆለፊያ ነው፤ ኤስኪውላይት ላይ ይህ መቆለፊያ ምንም ሥራ የለውም፣ ስህተትም አያወጣም። ይህን በትክክል ለመፈተሽ ተራው ቴስት ኬዝ አይበቃም፣ በእውነት የሚጸድቅ ግብይት ያለው ሌላው ያስፈልጋል፤ ዝግተኛ ስለሆነ ሁለት ብቻ አሉን።

ስለ ዝግታ ካነሳሁ፦ ቴስቶቻችን መጀመሪያ ከአራት ደቂቃ በላይ ይወስዱ ነበር። ያን ያህል የሚቆይን ነገር መብራት በሚጠፋበት፣ ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት ቦታ ማንም በየጊዜው አያስኬድም። ትልቁ በላተኛ የይለፍ ቃል ነበር። ጃንጎ የይለፍ ቃልን ሆን ብሎ በዝግታ ነው የሚያመሰጥረው፤ ሌባን ለመከላከል ጥሩ ነው፣ ለቴስት ግን እያንዳንዱን የሙከራ ተጠቃሚ ስንፈጥር እንከፍልበታለን። በቴስት ቅንብር ብቻ ፈጣኑን ማመስጠሪያ አደረግን። ለእያንዳንዱ ቴስት እንደ አዲስ ይፈጠር የነበረውን አባልና ብድርም ለአንድ የቴስት ስብስብ አንዴ ብቻ እንዲፈጠር አደረግን። ከአንድ ደቂቃ በታች ወረደ። አሁን ኮድ ከመላኩ በፊት በየራሳችን ላፕቶፕ ላይ ይሮጣል፤ ኢንተርኔት አይጠብቅም።

በስህተት የተጻፉትን መቀጮዎች ሰርዤ ላጠፋቸው ነበር። እትዬ ከለከሉኝ። «በሒሳብ ፍቆ ማጥፋት የለም፤ ይመለሳል እንጂ» አሉ። ስለዚህ ለእያንዳንዱ የተሳሳተ መቀጮ ተቃራኒ ምዝገባ ጻፍን፤ የሚጽፈውን ስክሪፕትም በቴስት አሳለፍነው፤ ሁለት ጊዜ ቢሮጥ ሁለት ጊዜ እንዳይመልስ። ከመስከረም 30 በፊት ሁሉም ተስተካከለ፣ ይቅርታም ተላከ። በቀን።

በሐምሌ 2016 ቦርዱ የመቀጮውን ደንብ ቀየረ። ቃለ ጉባኤው ከመድረሱ በፊት እትዬ በቴሌግራም ፎቶ ላኩልኝ፤ በእርሳስ የተጻፈ፣ በማስመሪያ የተሰመረ፣ ለ2017 የሚሆን 9 መስመር። ሳልጠይቃቸው። አዲሱን ደንብ ጻፍኩ፣ መስመሮቹን አስገባሁ። ስምንቱ አለፉ። ስድስተኛው ቀይ ሆነ፦ የየካቲት 30 ቀን 2017 ክፍያ፣ መጋቢት 1 የከፈለ፣ መቀጮ የለም።

ወረቀቱ ላይ ስህተት ያገኘሁ መስሎኝ ደወልኩላቸው።

«የካቲት 30 እሑድ ነው» አሉኝ። «ቢሮ ዝግ ነው። እሑድ ከዋለ ሰኞ ይከፈላል እንጂ።»

«ታዲያ ባለፈው ኅዳርስ? ኅዳር 30ም እሑድ ነበር፤ ሰኞ የከፈሉትን ሥርዓቱ ቀጥቷቸዋል ማለት ነው።»

«ቀጥቷቸዋል። እኔ በእጄ መለስኩት።»

«ከዚያ በፊት በነበረው ሐምሌ፣ በ2015ቱስ?»

ጥቂት አሰቡ። «በዚያኛው አልቀጣም። ያኔ ደህና ነበር።»

ያኔ ደህና የነበረው ሰዓቱ የተሳሳተ ስለነበረ ነው። አንድ ቀን ሲዘገይ የነበረው ስህተት እሑድን ወደ ሰኞ ያሻግርልን ነበር፤ እኛ በመስከረም አስተካከልነውና ተበላሸ።

«እትዬ፣ ይህን ለምን አልነገሩኝም?»

«ልጄ፣ እሑድ ቢሮ ዝግ መሆኑም ይነገራል?»